የማይጠረግ ቄጠማ

ዘሪሁን በሕይወቱ «አይሆንም» ያለባቸውን ጊዜያት ልቁጠር ብሎ ቢቀመጥ የእጁ ጣቶች ይተርፉታል። ባጃጅ ውስጥ ጠጋ በል ሲሉት እሺ ነው፤ ወረፋ ልቅደምህ ሲሉት እሺ ነው፤ አንድ ጓደኛው «ለዛሬ ብቻ ዕቃ አስቀምጥልኝ» ብሎ ፍየል ጎትቶ የመጣ ጊዜም እሺ ብሎ፣ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ባለችው አንድ ክፍል የኪራይ ቤቱ ከፍየሏ ጋር አድሯል። ይህን ጠባዩን ድሮ «ጨዋነት» ነበር የሚለው። ጥር ላይ የደረሰበት ከደረሰበት በኋላ ግን ስሙን ቀይሮታል፤ አሁን ሰው ሲጠይቀው «በሽታዬ ነው» ይላል።

ሥራው ኮንክሪት ማስዋብ ነው። ኮንክሪቱ ተሞልቶ ገና ሳይደርቅ የቀለም ዱቄት ይበተንበታል፣ ድንጋይ በሚመስል የጎማ ቅርጽ እየተረገጠ ይታተማል፣ ሲደርቅ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ቅብ ይደረብበታል። በደንብ ከተሠራ ከተጠረበ ድንጋይ አይለይም። ዘሪሁን ይህንን አዲስ አበባ ሄዶ ተምሮ ሲመለስ ሐዋሳ እርሱን ስትጠብቅ የኖረች መስሎት ነበር። በተመለሰ ማግስት የአድራሻ ካርድ አሳተመ። ካርዱ ላይ ከስሙ ፊት «ኢንጂነር» የሚለውን ቃል ያስገባው እርሱ አይደለም። የማተሚያ ቤቱ ልጅ «ኢንጂነር ልበልህ?» ብሎ ጠየቀው፤ እሺ አለ።

ሃሴትን ያወቃት መሃል ከተማ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ነው። ለሌለበት ራስ ምታት ኪኒን እየገዛ ወራት ተመላለሰ። በመጨረሻ እሷው ራሷ «ቤትህ ውስጥ ሱቅ ልትከፍት ነው ወይስ የምትለኝ ነገር አለ?» ስትለው ነው ነገሩ የተጀመረው። ዘሪሁን እስከ ዛሬ ለጓደኞቹ ሲያወራ «ጠየቅኳት» ይላል። የጠየቀችው እሷ ናት።

አባቷ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ከሞያሌ እስከ ጅቡቲ ያልነዱበት መንገድ የለም፤ ሐይቅ ዳር ካለው ቤታቸው ከውጪው በር እስከ ጋራዡ ያለው ቦታ ግን ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነበር። ሃሴት ስለ ዘሪሁን ስትነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። «ኮንክሪት ይሠራል አላልሽም? እንግዲያው የእኔን መግቢያ ይሥራና እጁን ልየው። ከዚያ ሽማግሌ ይላክ» አሉ።

ዘሪሁን ይህ ሲነገረው ደስታውን መያዝ አቃተው። ሌላው ሰው የወደፊት አማቱን የሚያሳምነው በቤተሰቡ ወይም በሀብቱ ነው፤ ለእርሱ ግን ፈተናው በተማረው ትምህርት መጣለት። ወደቀበት እንጂ።

ሥራው መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱ ይነገር፣ አምሮ ነበር። የሸክላ ቀለም የለበሰው መግቢያ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ጎረቤት በአጥር ላይ እየተንጠራራ ያየው ጀመር። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ለመራመድ ያህል እንደጠነከረ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። «ዕድሜዬን በሰው መንገድ ላይ ነው የኖርኩት። ይህ የራሴ ነው» አሉ። ዘሪሁን ሆዱ ባባ። ሆዱ ሲባባ ደግሞ ንግግር ይወድዳልና የቤቱን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ኮንክሪት እኩል ካልደረቀ ቀለሙ ዥንጉርጉር እንደሚሆን፣ ስለዚህ ቅጠል ቢሆን እንኳ እንዳይወድቅበት እጁን እያወናጨፈ አስጠነቀቀ። በዚያች ሰዓት ካርዱ ላይ የተጻፈውን ማዕረግ ራሱም አምኖት ነበር።

ኮንክሪቱ ገና ሳምንት ሳይሞላው የእትዬ ሙሉጌጥ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰ። እትዬ ሙሉጌጥ የሃሴት እናት ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ የሚለምኑ እንጂ የሚያዙ አይመስሉም፤ በዚያ ቤት ግን ለምነው ሳይፈጸምላቸው የቀረ ነገር የለም። ዘሪሁን ውሃ ሊያጠጣ በመጣበት ጠዋት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጠጋ አሉት።

«ልጄ ዘሪሁን፣ ማኅበርተኞቼ የሚገቡት በዚህ ነው። እንደው ትንሽ ቄጠማ ብጎዘጉዝበት ምን ይለው ይሆን?»

ዘሪሁን መልሱን ያውቃል። እርጥብ ቄጠማ ትኩስ ባለቀለም ኮንክሪት ላይ ሲያድር ምን እንደሚያደርግ ሥልጠናው ላይ በፎቶግራፍ አሳይተዋቸዋል፤ ማስታወሻም ይዟል። ነገር ግን ከፊቱ የቆሙት የልጅቷ እናት ናቸው፣ ነገ ሽማግሌ ሲገባ ከጓዳ ሆነው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፣ ደግሞም «ልጄ» ብለው ነው የጠሩት። ፊቱን ወደ ኮንክሪቱ አዞረ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው መለሰ።

«ምንም አይለውም እትዬ» አለ።

«ትንሽ ድንኳንስ? ግማሹ ላይ ብቻ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።»

«ድንኳንም ምንም አይለውም።»

«የጠላ ጋኖቹን እንኳ ወደ ጓሮ ይውሰዱልኝ ባይ ነኝ።»

«ለምን ተቸግረው እትዬ፣ እዚሁ ጥላው ሥር ይሁኑ እንጂ» አለ ዘሪሁን። ይህችኛዋን ማንም አልጠየቀውም። እትዬ ሙሉጌጥ ያልለመኑትን ነገር ራሱ ጨምሮ መፍቀዱን ካስታወሰ ዛሬም ግንባሩን በመዳፉ ይመታል።

ማኅበሩ ደመቀ። ቄጠማው ከሐይቁ ዳር ተቆርጦ እርጥቡን መጥቶ ነበርና ለምለምነቱ እንዳይጠፋ በየሰዓቱ ውሃ ይረጭበት ነበር። ዘሪሁንም ተጋብዞ ነበር። የጋበዙትን ሁሉ እየበላ፣ ከእግሩ ሥር የሚሆነውን እያወቀ፣ «ቤቱ እንዴት አምሯል» ለሚሉት ሁሉ አንገቱን እየሰበረ ያመሰግን ነበር። ድንኳን አከራዩ በማግስቱ አነሳለሁ ብሎ ሌላ ቀን ጨመረ፤ ቄጠማውም ድንኳኑ እስኪነሳ ተብሎ ባለበት ቆየ። ዘሪሁን በዚያ በኩል ሲያልፍ ይህን አይቷል። ድንኳኑን አንሱ ብሎ መናገር ግን እንደ መቆጣት ይቆጠርብኛል ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ድንኳኑ ሲነሳ እትዬ ሙሉጌጥ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ቄጠማው ተጠርጎ አጥሩ ሥር ተከመረ፤ መሬቱ ላይ ግን አሁንም ቄጠማ አለ። ደግመው ጠረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ዘለላ በጥፍራቸው ሊያነሱ ሞከሩ። የሚነሳ ነገር የለም፤ ቄጠማው ሄዷል፣ መልኩ ነው የቀረው። እያንዳንዷ ዘለላ ባረፈችበት ጠቁሮ፣ በመካከሉ ያለው ገርጥቶ፣ ዳር ዳሩን ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቶበት፣ ከበሩ እስከ ጋራዡ ድረስ ማኅበሩ እንዳለ ነው። ድንኳኑ የቆመበት ግማሽ አንድ ቀለም፣ ፀሐይ ያገኘው ግማሽ ሌላ ቀለም ሆኗል። የጋኖቹ ቂጥ ደግሞ ክብ ክቡን ታትሟል።

ዘሪሁን ተጠርቶ ሲመጣ ጋሽ ሰይፈሚካኤል እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው መሬቱን እያዩ ነበር።

«ይህ ምንድነው?» አሉ።

«ኮንክሪቱ ገና ቀለሙን እየፈለገ ነው ጋሼ» አለ ዘሪሁን። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ቆም ማለት ሲገባው ቀጠለ፤ የሐይቁን እርጥበት ወነጀለ፣ የጥርን ፀሐይ ወነጀለ፣ ሲሚንቶው ዘንድሮ እንደ ድሮው አይደለም አለ። ቄጠማውን ብቻ አላነሳም። እትዬ ሙሉጌጥ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እሳቸውን ማስነቀፍ አልፈለገም፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩት ለማለትም ወኔ አጣ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ሁሉንም ሰምተው «እሺ» ብለው ገቡ። የሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ የሚገባበት ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘሪሁን ሲያወራ ራሱ እየሳቀ ነው፤ ያኔ ግን እንቅልፍ አልነበረውም። በሽታው እዚህም አልለቀቀውም። ያገኘው ሰው ሁሉ መላ ይሰጠዋል፣ እርሱም ለሁሉም እሺ ይላል። ጎረቤት በኮምጣጤ እሸው አለው፤ አሸው፣ ቤቱ ሁሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። የብረት በያጅ ወዳጁ የሽንት ቤት ማጽጃ ሰጠው፤ አፍስሶ ጠበቀ፣ አንዱ ማዕዘን ቀለሙን ጨርሶ ጥሎ ራሰ በራ ሆነ። ራሰ በራውን ለመሸፈን ራሱ የበጠበጠው ቀለም ሲደርቅ የጥሬ ጉበት መልክ አወጣ። አንድ ባጃጅ ነጂ ደግሞ ናፍታ ነው የሚያዋጣህ ብሎት ጀሪካን ይዞ ሲሄድ ሃሴት መንገድ ላይ አግኝታ ቀማችው።

«የነገሩህን ሁሉ እሺ ትላለህ። ነገ አንዷ መጥታ አግባኝ ብትልህስ?» አለችው።

«እሱማ…» ብሎ አሰበ።

«ጭራሽ ታስባለህ» አለች። ከዚያ ግን ሳቋ ጠፋ። «ዘሪሁን፣ አባቴ ሽማግሌዎቹን ሊመልሳቸው ነው። ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። አንዴ እምቢ ካለ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ቢልኩበት በሩን አይከፍትም፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ጀሪካኑን እንደያዘች እየሄደች ነበር፤ ዘሪሁን ጥቂት እርምጃ ተከተላትና ቆመ። ሃሴትን ይወድዳታል፤ ማንንም ያን ያህል ወድዶ አያውቅም። እሷን የሚያሳጣው ደግሞ ሌላ ወንድ ወይም ድህነት ቢሆን ያባት ነበር። የሚያሳጣው ሣር ነው፣ ያውም ራሱ የፈቀደው።

ወደ አጎቱ ወደ ጋሽ አየለ ሄዶ ቀኑ ይገፋልኝ ሲል ጋሽ አየለ በቁጣ አዩት። «ቃሉ ደርሷል። አሁን ቀረን ብንል ቤተሰቡን ንቀናል ማለት ነው። አንተ የራስህን ሥራ ሥራ፣ የሽምግልናውን ለእኛ ተው» አሉት። እሺ አለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ላስተማሩት ሰውዬ ደወለላቸውና አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሰውዬው ሲስቁ ቆይተው መከሩት። ነጩ እየታጠበ በጊዜ ይለቃል፣ መስመሩም መሬቱ ውስጡ እየደረቀ ሲሄድ ይደበዝዛል፣ ከዚያ በኋላ ስስ የሆነ ተመሳሳይ ቀለም ይለብሳል፤ ወራት ይፈጃል። «እንዳትቸኩል። ደግሞ በወፍራም ቀለም ልሸፍነው እንዳትል፣ ያን ጊዜ ጨርሰህ ነው የምትገድለው» አሉት። ወራት ግን አልነበረውም። ስለዚህ በረንዳው ደረጃ ሥር፣ ሰው ወደ ቤት ሲገባ በሚረግጠው ቦታ ላይ፣ ትንሽ ቁራጭ ብቻ አስተካክሎ «እንዲህ ይሆናል» ብሎ ለማሳየት ወሰነ።

እሑድ ማለዳ ባልዲና ብሩሹን ይዞ መጣ። ሽማግሌ የሚገባው ከምሳ በኋላ ነው ብሎ ነበር ያሰበው፤ ማንም አልነገረው፣ እርሱም አልጠየቀም። አግቢው ልጅ ሽማግሌ በሚገባበት ቀን በዚያ ሰፈር ዝር እንደማይል የታወቀ ነውና በጊዜ ጨርሶ ሊጠፋ ነበር ሐሳቡ። ቁራጯን አጠበ፣ አደረቀ፣ ስሱን ቀለም አለበሰ፣ በብሩሽ አስተካከላት። እውነትም አማረች። የሚያብረቀርቀውን ቅብ ቀብቶ እንደጨረሰ ከጉልበቱ ሳይነሳ የውጪው በር ተንኳኳ።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ሙሉ ልብስ ለብሰው ከቤት ወጡ፣ በቅቡ ዳር በጥንቃቄ አለፉና ሄደው በሩን ከፈቱ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት ጋሽ አየለ በነጭ ጋቢያቸው፣ ቀጥለው የአጎቱ የነፍስ አባት መምሬ ወልደጻድቅ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው፣ ከኋላ ደግሞ የዘሪሁን የቤት አከራይ የሆኑት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ። ሦስቱም ዘሪሁንን በአንድ ጊዜ አዩት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ በሸክላ ቀለም ተለቅልቆ፣ ብሩሽ በእጁ እንደያዘ ተንበርክኳል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ እንዳላዩት ሆኑ።

ዘሪሁን መውጫ ፈለገ። መውጫው አንድ ነው፣ እሱም ላይ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብሎ ተመኘ። መሬቱን ግን ራሱ ነው በኮንክሪት የደፈነው፣ ያውም አንድ ስንጥቅ እንዳይኖረው ተጠንቅቆ። እዚያው ተንበርክኮ የጨረሰውን ሥራ በደረቅ ብሩሽ መቦረሽ ያዘ።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ተመልሰው በረንዳቸው ላይ ቆሙ። «ግቡ» አላሉም። ሽማግሌዎቹም እንደ ደንቡ መግቢያው መሃል ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። መምሬ ወልደጻድቅ ዓይናቸው ደከም ያለ ነውና ወደ መሬቱ ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው በራ።

«ቄጠማም ተጎዝጉዞልናል፣ እግዚአብሔር ያክብርልን» አሉ።

ሐጂ ሸምሱ ሳል ያዛቸው። ጋሽ አየለ ቶሎ ብለው ያጠኑትን ንግግር ጀመሩ። ከተከበረ ቤት ወደ ተከበረ ቤት መምጣታቸውን፣ ልጃችሁን ለልጃችን ለማለት መቆማቸውን ተናገሩ። ንግግሩ አማረ። ከዚያ ልጁን ወደ ማመስገን ገቡ።

«ልጃችን ሰው አክባሪ ነው፣ ሱስ የለበትም፣ ባለሙያም ነው» አሉ። «እጁ የነካው ነገር ሁሉ…» ዓይናቸው ወረድ ብሎ ከጫማቸው ሥር ካለው የጋን ክብ ላይ አረፈ።

«ሁሉ?» አሉ ጋሽ ሰይፈሚካኤል።

«እንግዲህ… አብዛኛው ያምራል» አሉ ጋሽ አየለ።

ዘሪሁን መቦረሹን አቆመ፤ የብሩሹ ድምፅ ብቻውን ሲሰማ አፈረ።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ዘወር ብለው አዩት፤ ስሙን ግን አልጠሩትም። በዚያች ሰዓት በቀን የቀጠሩት ሠራተኛ እንጂ ሌላ አልነበረም። «አንተ ባለሙያው» አሉት፤ «እነዚህ የተከበሩ እንግዶች በቆሙበት መሬት አፍሬአለሁ። ነገ ወፍራም ቀለም ገዝተህ ና። ጥቁርም ይሁን ምንም፣ ከዳር እስከ ዳር ለቅልቀህ ይህንን ጉድ ሸፍንልኝ።»

ጋሽ አየለ ከጋቢያቸው ሥር በእጃቸው እሺ በል አሉት። ሐጂ ሸምሱ በቅንድባቸው እሺ በል አሉት። መምሬ እንኳ በዣንጥላቸው ኮንክሪቱን ኮርኮር አደረጉ። በመስኮቱ መጋረጃ ጥግ የሃሴት ፊት ይታያል። «እሺ ጋሼ» የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ናት። ዘሪሁን ከተንበረከከበት ሆኖ ወደ በሩ ድረስ ያለውን መሬት አየ። አንዱ እሺ ቄጠማ ሆኗል፣ አንዱ እሺ ድንኳን፣ አንዱ እሺ ራሰ በራ፣ አንዱ እሺ ጉበት። ሰው ጠባዩን እንዲህ በሸክላ ቀለም ታትሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ማየት የለበትም ብሎ አሰበ፤ ሳቁም መጣበት፣ ሳቁን ዋጠ።

«አይሆንም ጋሼ» አለ።

ጋሽ አየለ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን አልክ?»

«አይሆንም። ወፍራም ቀለም ዛሬ ይሸፍናል። ውስጡ ግን እርጥበት አለ፤ ክረምት ሲገባ ይነሳል፣ ከመኪና ጎማ ሥር እየተቀረፈ ይወጣል፣ ያኔ ማስተካከያ የለውም። ይህ መሬት ጊዜ ነው የሚፈልገው። እየመጣሁ አጥበዋለሁ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እንደዚህች ቁራጭ አደርገዋለሁ። ካልሆነ ሰብሬ እንደገና እሠራዋለሁ። መሸፈን ግን አልሸፍንም።»

«ይህንን ለእኔ ነው የምትለኝ? ዛሬ?»

«ለእርስዎ ነው። ዛሬ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለ ዘሪሁን።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ከበረንዳው ጫፍ ጎንበስ አሉ። «እስቲ አሁን ደግሞ ንገረኝ። ማነው ያበላሸው? የሐይቁን ነገር ሰምቻለሁ።»

«እኔ ነኝ። ቄጠማ አይሆንም ማለት ነበረብኝ፣ እያወቅኩ ምንም አይለውም አልኩ። አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ እርስዎን ዋሸሁ።»

ከበሩ ጀርባ እትዬ ሙሉጌጥ ወጡ። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ የልጅቷ እናት ብቅ አይሉም ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ብዙ ደንብ ተጥሷል። «አይሆንም የሚለው ፊቱ ላይ ነበር» አሉ ዝቅ ባለው ድምፃቸው። «ገና ስጠይቀው አይቼበታለሁ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ፣ ቄጠማዬን ስለፈለግኩ። ጥፋቱን ለብቻው አይሸከም።»

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ሚስታቸውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «በሹፌርነቴ ዘመን አንድ ረዳት ነበረኝ» አሉ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ረዝመው ሲናገሩ ዘሪሁን ሰምቷቸው አያውቅም። «ደግ ልጅ ነበር። ብሎኑን አጠበቅከው ስለው እሺ ይለኛል፣ ፍሬኑን አየኸው ስለው እሺ ይለኛል። ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ጎማችን ወልቆ ቀድሞን ሄደ። ነፍሳችንን ያተረፋት የመንገዱ ዳር ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲህ እሺ የሚል ሰው እፈራለሁ። ዛሬም ልመልሳችሁ ነበር የተነሳሁት፤ ስለ ቀለሙ አይደለም፣ ቀለም ይስተካከላል። ልጄን ፍሬኑን ለማላውቅለት ሰው መስጠት ፈርቼ ነው።»



«ቆማችሁ ደከማችሁ» አሉ ጋሽ ሰይፈሚካኤል። «ግቡና ተቀመጡ።»

ለሽምግልና የቆመ ሰው ተቀመጥ ከተባለ ነገሩ አልቋል። ጋሽ አየለ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ መምሬ እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም፣ ሐጂ ሸምሱ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሦስቱም በደስታ ተቻኩለው ወደ ደረጃው ገሠገሡ። ከደረጃው በፊት ያቺ ቁራጭ አለች፤ ቅቧ ገና እርጥብ ነው፣ ታበራለች፣ ከመግቢያው ሁሉ ያማረችው እሷ ብቻ ናት።

ዘሪሁን ከጉልበቱ ብድግ አለ። እጁን ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ። የጋሽ አየለን ፊት ግን እንደዚያ ሲስቅ አይቶት አያውቅም።

«ግቡ፣ ግቡ» አለ፤ «ምንም አይለውም።»

ሦስት ጥንድ ጫማ ቅቡ መሃል ጭቅ ጭቅ እያለ አለፈና ደረጃውን ወጣ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል እንግዶቹን አስገብተው መጨረሻ ላይ ሊገቡ ሲሉ ዞር አሉ። አሻራውን አዩ፣ ከዚያ ልጁን አዩ።

«ምንም አይለውም?» አሉ።

ዘሪሁን ብሩሹን አስቀመጠ።

«ይለዋል ጋሼ» አለ። «ይለዋል። ግን ይግቡ።»